የጋሼ ይመር ትንፋሽ፤ ከደሴ እስከ ሎስ አንጀለስ

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ፎቁና ስለ ፊልም ሠሪዎቹ ነው። ባሕሩን አንድ ጊዜ ከመኪና መስኮት አይቼዋለሁ። ፊልም ሠሪ አላጋጠመኝም። እኔ አይቼ የመጣሁት አንድ ሆስፒታል፣ የሁለት ሰዎች ቤት፣ ፌርፋክስ የሚባል ጎዳናና የታላቅ ወንድሜን ፊት ነው። የማወጋችሁም እሱኑ ነው።

ስሜ የሺ ነው። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው፤ ደሴ ውስጥ ኦፕራሲዮን የሚደረግን ሰው አስተኛለሁ፣ እስኪነቃ ድረስ ከራስጌው ቆሜ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ጋሼ ይመር የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፣ እኔ የመጨረሻ። በሱዳን በኩል ሲሰደዱ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ስለዚህ ወንድሜን የማውቃቸው በስልክ ነው። ሎስ አንጀለስ ታክሲ እየነዱ እኛን ሁሉ አስተማሩን። አግብተው ተለያይተዋል፤ ልጅ የላቸውም።

ባለፈው ዓመት ስልኩ ላይ ሳል መጣ። ሁለት ቃል ይናገሩና ያስላሉ። አንድ ቀን «ትንሽ ደም አይቻለሁ፤ ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። ወዲያው ሌላ ሰው ስልኩን ተቀበላቸው። እትዬ ንግሥት ነበሩ፤ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው የጋሼ የብዙ ዘመን ወዳጅ። «ደህና አይደለም» አሉኝ። «በድሮው ቲቢ የተበላው የሳንባው ክፍል ውስጥ ሻጋታ በቅሎበታል። ሐኪሞቹ ቆርጠው ሊያወጡት ነው። ሰው የለውም። ነይ።»

ቪዛ እንዳገኘሁ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከደሴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ አለ። ደብረ ሲና ሳንደርስ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቆሎ አወጡና ለማያውቁት ሰው ሁሉ እየዘገኑ አዳረሱ። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «ወንድሜን ላስታምም» ስላቸው «ከዚያ ሁሉ አገር ሐኪም ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ሐኪም ሞልቷል፤ አስታማሚ ነው የጠፋው አልኳቸው። ጣርማ በርን ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነውና ወደ ኋላ ብዞርም የወሎን ተራራ ማየት አልቻልኩም።

ሰኞ በረርኩ። አስተናጋጇ የኦክስጅኑን ጭምብል አጠላለቅ ስታሳይ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ አፍጥጬ ያየኋት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በሰማይ ላይ ለእያንዳንዱ ወንበር የተመደበ ኦክስጅን አለ። እኛ ዘንድ አንዱን ሲሊንደር ከክፍል ወደ ክፍል እየገፋን የምንውልባቸውን ቀናት አሰብኩ። ቅናት አልነበረም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ምግቡ አልወረደልኝም።

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የበርበሬውን ላስቲክ ሊያሸት አፍንጫውን አስጠጋ። ምን እንደደረሰበት መናገር አያስፈልግም። እሱ ሲያስነጥስ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ማስነጠስ ጀመረ። ዓይኑ እያነባ «ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ። ስወጣ እትዬ ንግሥት ነጠላቸውን በጃኬት ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል፤ አጠገባቸው አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ። ፎቶ ላይ የማውቃቸው ጋሼ ትከሻ ነበራቸው።

ሲያቅፉኝ ጆሮዬ ደረታቸው ላይ አረፈ። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አዳመጥኩ። በቀኝ ላይኛው በኩል አየር ሲገባ አይሰማም።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ደህና ነኝ። አንቺ እንዴት ነሽ? መንገዱ አደከመሽ?»

«መኪና እንዳይነዳ ተከልክሏል» አሉ እትዬ ንግሥት። «ሶ፣ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። ቀበቶሽን እሰሪ።»

ጋሼ የሚኖሩት ሃውቶርን ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ቤት። አውሮፕላኖቹ በጣሪያው ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። አልጋውን ለእኔ አንጥፈውልኛል። እምቢ ብል «እኔ ጋደም ብዬ አልተኛም» አሉኝ። ኋላ ገባኝ፤ ጋደም ሲሉ ሳሉ ስለሚነሳባቸው ለወራት የተኙት ወንበር ላይ ነበር።

ማክሰኞ ፌርፋክስ ወሰዱኝ። ጎዳናው አጭር ነው። በግራም በቀኝም የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ ደሴ ፒያሳን ሜዳ ላይ ዘርግተው ሽቅቡንና ቁልቁሉን ያወጡበት ይመስላል። እትዬ ንግሥት ሱቃቸው በር ላይ ለጋሼ ወንበር አውጥተውላቸዋል። አላፊው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰላም ይሏቸዋል፣ ስለ ጤናቸው ይጠይቃሉ፣ «ደህና ነኝ» ሲሉ ሰምተው ያልፋሉ። ሳል ሲመጣባቸው ግን አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ አንድ ሰውዬ የዘረጋውን እጅ መለሰ። እትዬ ንግሥት ከውስጥ አይተው ወጡ።

«አይተላለፍም!» አሉ ለመንገዱ ሁሉ። «ቲቢው የድሮ ነው፤ ድኗል! ሐኪሞቹ ቴስት አድርገውታል፤ ኔጌቲቭ ነው። እጁን ጨብጥ አንተ!»

ሰውዬው አፍሮ ጨበጣቸው። ጋሼ መሬት መሬት አዩ። እኛም አገር እንደዚሁ ነው፤ ቲቢ ከሰውየው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሰው አፍ ላይ ይቀራል።

ረቡዕ ለቅድመ ዝግጅት ሆስፒታል ሄድን። ሊንዳ የምትባል ነርስ መጥታ ስለ አንድ ጥናት ልታነጋግራቸው እንደምትፈልግ ነገረችን። ጋሼ የታክሲ እንግሊዝኛ አላቸው፤ የሐኪም እንግሊዝኛ ግን ያስቸግራቸዋል። እኔ ላስተርጉም ስል ሊንዳ በትሕትና ከለከለችኝ። ቤተሰብ የታማሚውን ቃል ሊያለሳልስ ወይም ሊጨምርበት ስለሚችል አይፈቀድም። ስክሪን ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ተገፍቶ መጣ፤ ውስጡ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ሐበሻ አስተርጓሚ አለ። ከየት ከተማ እንደሚያነጋግረን አላወቅንም። ጋሼን «አባቴ» ይላቸዋል።

ጥናቱ ይህ ነው። ደረቱ ተከፍቶ የተዘጋ ሰው ጎኑ ክፉኛ ያመዋል። ያመመው ሰው አየር ወደ ውስጥ በደንብ አይስብም፣ አያስልም። አየር ያልደረሰው ሳንባ ይጨማደዳል፣ አክታ ይጠራቀምበታል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይገባል። ተመራማሪዎቹ ለማወቅ የፈለጉት ከተለመደው ማስታገሻ በተጨማሪ በጎድን አጥንቱ ሥር በቀጭን ቱቦ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ቢንጠባጠብ ይህን ሁሉ ያስቀር እንደሆነ ነው። ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል፤ ለእኩሌታው ሰው መድኃኒቱ፣ ለእኩሌታው የጨው ውሃ ይደርሰዋል። ለማን ምን እንደደረሰው ታማሚውም ነርሷም አያውቁም።

«ሶ፣ መሞከሪያ ልሆን ነው?» አሉ ጋሼ።

አስተርጓሚው ቃሉን ሳያለዝብ አስተላለፈ። ሊንዳም አላለዘበችም። «አዎ። እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢ ቢሉ ከሕክምናዎ የሚጎድል ነገር የለም።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ብሆን እገባ ነበር። ግን ጎኑ የእርስዎ ነው።»

ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ካርቱም ቲቢ ሲይዘኝ ያንን ሁሉ ኪኒን ዋጥኩ፤ ዳንኩ። ኪኒኑ እንደሚያድን በምን ታወቀ? ከእኔ በፊት ሳያውቀው የዋጠ ሰው ነበር ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላውቀውም። ኦኬ፣ ልፈርም።»

ሐሙስ ጠዋት እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ሰመመን የሚሰጣቸው ወጣት ሐኪም የሙያ ባልደረባው መሆኔን ሰምቶ ስለነበር ቆም አለና የምጠይቀው ነገር ካለ አለኝ።

«ቀኙ ሲቆረጥ ግራው ሳንባ ብቻውን ነው የሚሠራው» አልኩት። «ያን ጊዜ ከራስጌያቸው ማን አለ?»

«እኔ» አለኝ። «እስኪነቁ አልነሳም።»

በሩ ተዘጋ። የስንት ሰው ቤተሰብ ፊት ያንን በር ዘግቻለሁ። «አይዟችሁ፣ እንጠራችኋለን» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ እገባለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሥራ ስላለ ሐሳቤ እዚያው ነው። ከበሩ ማዶ የቀረው ሰው ግን በእጁ የሚሠራው ነገር የለም። ያንን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ንግሥት ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የሁዳዴ ጾም ነበርና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆዩ። ቀዶ ጠጋኙ ወጥቶ ሁሉም በሰላም ማለቁን ሲነግረን እትዬ ንግሥት ጫማቸውን አውልቀው፣ እዚያው የሆስፒታሉ ምንጣፍ ላይ ቆመው አማተቡ።

ዓርብ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅኑ ከግድግዳው ይመጣል፤ ያፏጫል እንጂ አያልቅም። ጋሼ እጃቸው ላይ አንድ ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል፤ ሲያማቸው ከተጫኑት ማስታገሻው በደም ሥራቸው ይገባል። ሊንዳ በየጊዜው ስክሪኑን እየገፋች ትመጣለች። አስተርጓሚው «አባቴ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ቢሰጡት ስንት ነው?» ይላቸዋል።

«ዜሮ» ይላሉ ጋሼ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሊንዳ ትመዘግባለች። እኔም በልቤ በዕጣው መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው አልቀረም እላለሁ።

ቅዳሜ ከሃውቶርን ስመጣ አውቶቡሱን በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፈርኩና ጋርዴና የሚባል ሌላ ሰፈር ወረድኩ። ደሴ መንገድ የጠፋው ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። እዚህ ግን ሁሉም ሜዳ፣ ሁሉም ጥግ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ፌርማታ ላይ የተቀመጡ የሜክሲኮ ሴት እንግሊዝኛቸው ከእኔ ባይሻልም የሆስፒታሉን ስም አንብበው እጄን ይዘው መንገዱን አሻገሩኝና ትክክለኛው አውቶቡስ እስኪመጣ የራሳቸውን አሳለፉ። ሆስፒታል የደረስኩት አርፍጄ ነው።

ጋሼ እንደ ትናንቱ አይደሉም። አተነፋፈሳቸው ፈጣንና አጭር ሆኗል። ሞልቶ የሚፈስ ዕቃ እንደያዘ ሰው ቀኝ ጎናቸውን ሳይነቃነቁ ደግፈውታል። ሳንባቸውን እንዲያለማምዱበት የተሰጣቸው ዕቃ አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ኳሷ ከፍ ትላለች። ግንባራቸውን ነካሁት፤ ይፋጃል።

«ጋሼ፣ ኳሷን ከፍ ያድርጓት እስቲ።»

«በኋላ።»

«ያመዎታል እንዴ?»

«ምን ያመኛል? ሕመሙንማ ቆርጠው ጣሉት። ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አያስሉም?»

«ሳስል ይወጋኛላ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጩቤ ሰክቶ እንደማዞር ነው።»

ወንበሬን ሳብኩ። «ይህን ለምን ለነርሷ አልነገሯትም?»

«የጠየቀችኝ ሕመም አለ ወይ ነው። ይህ ሕመም ነው እንዴ የሺ? የቁስል ውጋት ነው። ቁስል ደግሞ ይወጋል።»

ያንን ጥያቄና መልስ ዓርብ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሕመም ሲባሉ በሽታን እያሰቡ መሆኑ ለእኔም አልታየኝም። ደሴ የምጠይቀው በዚያው ቃል ነው።

«ቁልፉንስ ለምን አይጫኑም?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሩን አዩ፤ ማንም አልነበረም። «ካርቱም ሳለሁ» አሉ፣ በየቃሉ መሐል አየር እየፈለጉ፣ «ለአሜሪካ ስማችን ወጣ። አንድ ቤት የምንኖር ልጆች ነበርን፣ የሁላችንም ወጣ። ሐኪሙ ሲመረምረኝ ያስልሃል ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። እነሱ በረሩ። እኔ ቲቢህን ጨርስ ተብዬ ቀረሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን፤ ምንጣፋቸው እንደተነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሲጠይቀኝ አፌ ራሱ ደህና ነኝ ይላል። አስቤበት አይደለም።»

«እዚህ የትም አያስቀሩዎትም ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አፌ ነው የማያውቀው።»

ሄጄ ሊንዳን ጠራኋት። የጋሼን ቃል በእሳቸው ቦታ ሆኜ አልተናገርኩም፤ ሲያስሉ ምን እንደሚሰማቸው እንድትጠይቃቸው ብቻ ለመንኳት። ወጣቱን ሐኪም ይዛ መጣች። ስክሪኑ ተበራ፤ እንደ ዕድል ያው አስተርጓሚ ነበር።

«አባቴ፣ ሲያስሉ ጎንዎን ምን ያህል ይወጋዎታል?»

ጋሼ ሊንዳን አዩዋት። «አስር ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

አስተርጓሚው ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ አስተላለፈ። ሊንዳ ወረቀቷን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አምንዎታለሁ» አለች። አስተርጓሚው ሳይጠየቅ «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቃሉ ሌላ መስሎዎት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አላቸው። ጋሼ ደግሞ እሱን ማጽናናት ያዙ። ማስታገሻው ወዲያው ተጨመረላቸው። ሐኪሙ ትራስ አምጥቶ ጎናቸው ላይ አሳቀፋቸውና እንዴት እንደሚያስሉ አሳያቸው። ሲያስሉ ጮኹ። በሕይወቴ የወንድሜን ጩኸት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ግን አክታው መውጣት ጀመረ።

ሁለት ቀን የተጠራቀመው ግን በአንድ ሳል አይወጣም። የራጁ ፎቶ የሳንባ ምች መግባቱን አሳየ። እሑድ ጠዋት ትንፋሻቸው ይበልጥ አጠረና ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዷቸው። አየር እየገፋ የሚያስገባ ጭምብል ፊታቸው ላይ ታሰረ። ሐኪሙ ወጥቶ በግልጽ ነገረን፦ እስከ ከሰዓት ካልተሻላቸው በጉሮሯቸው ቱቦ ገብቶ መሣሪያ ይተነፍስላቸዋል። ቱቦ ማስገባት የዕለት እንጀራዬ ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በተቆረጠና ምች በገባበት ሳንባ ላይ የገባ ቱቦ መቼ እንደሚወጣ ማንም ቃል እንደማይሰጥም አውቃለሁ። እትዬ ንግሥት ፊቴን አይተው ዳዊታቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እትዬ ንግሥት ከቅዳሴ እንደመጡ ነጠላቸውን አጣፍተው በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ጋሼ ጴንጤ ናቸው፤ ጋርዴና ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሦስት ሰዎች መጥተው በሌላው በኩል ተቀመጡ። እነዚህ በለሆሳስ ይጸልያሉ፣ እኚያ በዳዊታቸው። በመካከል ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ብዙ ከቆየን በኋላ ከሦስቱ አንዷ ሴት ወጥታ ቡና ይዛ ተመለሰችና ባዶዎቹን ወንበሮች አልፋ ለእትዬ ንግሥት አቀበለቻቸው።

«እትዬ፣ ጾም ላይ መሆንዎን አውቃለሁ። ወተት የለውም።»

እትዬ ንግሥት ተቀበሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። ሴትዮዋ እዚያው ተቀመጠች።

እኔን አስገቡኝ። የጭምብሉ ጩኸት ክፍሉን ሞልቶታል። ጋሼ ዓይናቸው ፈጥጦ ከመሣሪያው ጋር እየታገሉ ነው፤ እሱ ሲገፋ እሳቸው ያወጣሉ። እጄን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ደሴ የፈራ ሰው ሲገጥመኝ የማደርገውን አደረግሁ።

«ጋሼ፣ መሣሪያውን ይተዉት። ከእኔ ጋር ይተንፍሱ። ስስብ ይሳቡ፣ ሳወጣ ያውጡ።»

አብረን ተነፈስን። መጀመሪያ አልገጠመም። ጎናቸው ሲወጋቸው ፊታቸው ይጨማደድና ትንፋሹ ይቆረጣል፤ እንደገና እንጀምራለን። አንዴ ትንፋሹ ሲቆረጥ በብርድ ልብሱ ላይ እጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቁልፉን ፈልገው አገኙት፤ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። መሣሪያው ድምፅ ሰጠ። ማንም አልነገራቸውም። ቀጥሎ የሳቡት አየር ረዘመ። የሚቀጥለው ደግሞ ከዚያ ረዘመ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ገብቶ የኦክስጅኑን ቁጥር ብዙ አየው፤ ከዚያ «እንጠብቅ» አለ። እኔ በሥራዬ ያንን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቱቦው አልገባም። ቀጥለው የመጡት ቀናት ግን አዝጋሚ ነበሩ። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። አንቲባዮቲኩ ሆዳቸውን አበላሸው። ከአልጋ እስከ በር መሄድ ላብ የሚያስጠምቅ ሥራ ሆነባቸው። እትዬ ንግሥት የምስር ሾርባ በፔርሙዝ ያመጣሉ፤ ጋሼ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይተዋሉ፤ እሳቸው ተቆጥተው ሦስተኛውን ያጎርሷቸዋል። አንድ ቀን ሊንዳ መጥታ በጥናቱ ለመቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ማቋረጥ ይችላሉ።

«ዜሮ ዜሮ እያልኩ አበላሸሁባችሁ አይደል?» አሏት።

«አላበላሹም» አለች። «ያሉትን እንዳሉት መዝግበናል፤ ለምን እንዳሉትም ጽፈናል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ጥያቄውን እንዴት ብናቀርበው ይሻላል የሚለውን ሐኪሞቹ እየተነጋገሩበት ነው።»

«እንግዲያው እቀጥላለሁ» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፦ «ግን የደረሰኝ የጨው ውሃው ይመስለኛል።»

ሊንዳ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጋሼ ሊስቁ ሲሉ ትራሱን አቀፉ። እስከ ዛሬ የደረሳቸው የትኛው እንደሆነ አናውቅም።

ከሆስፒታል ሲወጡ እትዬ ንግሥት ሃውቶርን መውሰዱን እምቢ አሉ። «ብቻውን አይገባም። ቤቴ ፓልምስ ሁለት መኝታ ቤት አለው። ሰው ምን ይለኛል ካለ ይበል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ወሬ ጊዜ የለኝም።» ጋሼ ተከራከሩ፤ ለክርክር የሚሆን ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም። ፓልምስ ከዛፎች ሥር የተደረደሩ ደረጃ ያላቸው ሕንፃዎች ያሉበት ሰፈር ነው። ጋሼ ደረጃውን ሲወጡ በየመሐሉ እያረፉ ነው፤ ጎረቤቶቹ ከበሩ ብቅ ብለው ወንበር ያወጣሉ። እዚያ ያሉት ጎረቤቶች ስም ሳይጠያየቁ ለዓመታት ይኖራሉ ብለው ሰዎች ነግረውኝ ነበር። ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ወንበር አወጡ።

የእኔ ፈቃድ አለቀ። ደሴ ያለችው ባልደረባዬ የእኔንም ፈረቃ ደርባ እየሠራች ነበር፤ ስልክ ስትደውል ድካሟን ትደብቀኛለች፣ ድምፅዋ ግን ያስታውቃል። በሄድኩበት ቀን ጋሼ ካልሸኘሁሽ ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መኪና ማቆም አይፈቀድም፤ አንድ ተቆጣጣሪ ፊሽካ እየነፋ ሁሉንም ያባርራል። እትዬ ንግሥት ሞተሩን ሳያጠፉ ሻንጣዬን አወረዱልኝ። ጋሼ በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱና የቦርሳዬን ማንገቻ ያዙ።

«የሺ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ፈርቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሌሊት ትንፋሼ ሲያጥር። ልሞት የመሰለኝ ጊዜ አለ። ስትሄጂ ደግሞ... ፈርቻለሁ።»

እኔ ሰውን የማስተኛ፣ እስኪነቃ ከራስጌው የማልነሳ ሰው ነኝ። አይዞዎት የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ አልበቃ አለኝ።

«ልቅር ጋሼ?» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ቅሪ ቢሉኝ እቀር ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፤ ሂጂ። ሰው ይጠብቅሻል። እንድትቀሪ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ። አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው።»

ግንባራቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ተቆጣጣሪው ቀርቦ ፊሽካውን ነፋ። እትዬ ንግሥት መኪናውን ዞረው መጡና ወደ ሰውዬው እጃቸውን አነሱ። «ዋን ሚኒት!» አሉት። ከዚያ የጋሼን ክንድ ያዙ። «ሰምቼሃለሁ ይመር። ከዛሬ ጀምሮ የመኝታ ቤቴን በር አልዘጋም። ትንፋሽህ ሲያጥር ጥራኝ። መጥራት ካቃተህ ግድግዳውን ምታው።»

«እሺ» አሉ ጋሼ።

ገባሁ። ከመስታወቱ ውስጥ ሆኜ ወደ ኋላ ዞርኩ። ሰውዬው አሁንም ፊሽካውን እየነፋ ነው፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ጋሼ የመኪናውን በር ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነበር። እትዬ ንግሥት ክንዳቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ አላጣደፏቸውም።